በጎረቤት ጓሮ የቀላው በርበሬሽ

መካኒሳ አቦ፣ በጥቅምት ማለቂያ

አስካልዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ለአንቺ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው ለሚስቱ ምን ብሎ ይጽፋል? የምንነጋገረው ነገር ቢኖር ከጓዳ ወደ ሳሎን ተጣርተን እንጨርስ ነበር። አሁን ግን ተጣርቼ የማልጨርሰው ነገር ገጥሞኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀይሜሻለሁ። የተቀየምኩበትን ከመናገሬ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ፤ ያለ ማስረጃ እንደማልናገር ታውቂያለሽ።

በቅድሚያ የቤቱ ወሬ። ሰብለና ባሏ ፉሪ የጀመሩት ቤት ጣሪያ ለብሶ ገብተውበታል። ልስኑ ገና ነው። ልጅሽ ከኪራይ ይሻላል ብላ በመስኮቱ ፈንታ ላስቲክ ወጥራ ትኖራለች። እሑድ እሑድ ወጥ ሠርታ ታመጣልኛለች፤ ድስቱን ከፍታ ያለፈው ሳምንት ወጥ አለማለቁን ስታይ ደግሞ ትቆጣኛለች። ስትቆጣ ቁርጥ አንቺን ናት። ስልክ ገብቶልናል። ከሰብለ በቀር የሚደውልልኝ የለም፤ አንድ ሰው ብቻ አልፎ አልፎ ይደውልና ድምፄን ሰምቶ ይዘጋል። ሰብለ ቁጥር ተሳስቶ ነው ትላለች። እኔ እንጃ፣ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይሳሳታል? ፋብሪካው ደግሞ ወደ ግል ሊዞር ነው እየተባለ ነው። የንብረት ክፍሌን ቁልፍ ለሦስት ሰው ሰጥተውታል አሉኝ። ሦስት ሰው የያዘው ቁልፍ ቢቆለፍበትም ባይቆለፍበትም ያው ነው።

እንደምታይው ዓመሌ አልተለወጠም። ሃያ ሰባት ዓመት ንብረት ክፍል ስሠራ ያለ ወጪ ሰነድ፣ ያለ ሞዴል 22፣ አንዲት ምስማር ከመጋዘኔ አልወጣችም። እንጀራዬ መጠርጠር ነበር፤ ጡረታ ወጣሁ ብዬ ከየት ልተወው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስልሽ፣ የጠረጠረስ መቼ ተኝቶ አደረ ትይኝ ነበር። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ውሃ ቀላቅላለች ብዬ በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ወተት ሳንጠባጥብ፣ አንቺ ጓዳ ሆነሽ አፍሽን በነጠላሽ ይዘሽ ስትስቂ አሁንም ይታየኛል። እኔ ግን ልክ ነበርኩ፤ ውሃ ነበረበት።

አሁን ወደ በርበሬው።

አዲስ አበባ ብርዳም ናት፣ በርበሬ አያደርስባትም ያልኩሽ እኔ ነበርኩ። እዚህ ቤት በገባን ዓመት፣ እናትሽ ቡታጅራ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረው የሰጡሽን የማረቆ ዘር ከኩሽናው ጀርባ ስትዘሪ፣ ዘንድሮ ቅጠል ትበያለሽ ብዬ ቀለድኩብሽ። እንዳልኩትም ሆነ። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ዛላው ሁሉ ገና አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ሁሉ መሃል ግን አንድ ቁመቱ ያጠረ ተክል ላይ ሁለት ዛላ ቀላ። ትንንሾች ናቸው፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ። አንቺ ከአሮጌ ሹራብ ቀይ ክር መዝዘሽ እዚያ ተክል ላይ አሰርሽ። በሚቀጥለው ዓመት የእሱን ዘር ብቻ ዘራሽ። ከእነዚያም ቀድሞ የቀላው ላይ ደግሞ ክር አሰርሽ።

ሁልጊዜ የምትመርጪው ኮስማናውን ስለነበር ያናድደኝ ነበር። ለዘር የሚቀመጥ ትልቁ፣ ሥጋው የወፈረው፣ ለዓይን የሚሞላው ነው ብዬ ስጨቀጭቅሽ፣ ትልቁ ቢያምርም አይደርስልኝም፣ እኔ የምፈልገው የሚደርስልኝን ነው ትይኝ ነበር። ሃያ ዓመት እንዲያ እየመረጥሽ መስከረም ሳያልቅ የሚቀላ በርበሬ አወጣሽ። ማረቆ ነው እንዳይባል አጥሯል፣ አላባ ነው እንዳይባል መዓዛው ሌላ ነው። የመካኒሳን ብርድ ለምዶ እዚሁ ያደገ ነበር። ሰፈሩ የአስካለ በርበሬ ይለው ነበር፤ እኔም በሰው ፊት እያጣጣልኩ በልቤ እኮራበት ነበር። ይህን በሕይወት እያለሽ አልነገርኩሽም።

ዘርሽን የምታስቀምጪበት የወተት ዱቄት ጣሳ ከቁም ሳጥኑ ላይ አይለይም ነበር። ቃሪያው በነጭ ክር ተቋጥሮ፣ ሚጥሚጣው በጥቁር፣ ያንቺው በቀይ። አንቺ ያረፍሽው መጋቢት ውስጥ ነው፣ ልክ ችግኝ በሚፈላበት ሰሞን። በዚያ ዓመት መሬቱን አልነካሁትም፤ ሣር ዋጠው። ባለፈው መጋቢት ሙት ዓመትሽን ካወጣን በኋላ ግን፣ ቢያንስ በርበሬዋን ላቆይላት ብዬ ጣሳውን አወረድኩ። ነጩ ቋጠሮ አለ። ጥቁሩም አለ። ቀዩ የለም።

ጓዳውን ገለበጥኩት። የድሮ ቦርሳሽን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውን፣ የክር ሳጥንሽን ሁሉ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ዕቃ በራሱ እግር አይወጣም፤ የወጣ ነገር ያወጣው ሰው አለ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጓዳው የእኔ አልነበረም። የዕድር ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ድስት ይፈልጋሉ፣ ቁም ሳጥን ይከፍታሉ። በልቤ አንድ በአንድ አሰለፍኳቸው። ሰብለንም ሳይቀር ጠየቅኋት። አባዬ፣ እኔ በርበሬ የምዘራው በሲሚንቶው ላይ ነው እንዴ ብላ ሳቀችብኝ፣ ቀጥላ ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። እሷን ከዝርዝሩ አወጣሁ።

ያንቺ ዘር ከሌለ ሌላ መፈለግ ግድ ነው። በርበሬ ተራ ሄጄ ከአንዷ ነጋዴ የማረቆ ዛላ ጠየቅሁ። ማረቆ ነው ብላ በልጆቿ ማለችልኝ። ሳልጠይቃት መማሏ አላማረኝም። ሌላዋ ዘንድ ስሄድ ያንኑ ዓይነት ዛላ አላባ ነው ብላ አሳየችኝ። እሷም ማለች። ለማንኛውም ከሁለቱም ወሰድኩ፤ ከጆንያው ሥር ድረስ እጄን ሰድጄ ትልልቁን መረጥኩ፣ የሻገተ አለበት ብዬ እየሰበርኩ ውስጡን አየሁ፣ ነጋዴዋም ጋሼ ሊገዙ ነው ወይስ ሊመረምሩ አለችኝ። የሰብለ ባል ደግሞ ከሚያውቀው የግብርና ባለሙያ የተሻሻለ ነው የተባለ ዘር በወረቀት አምጥቶልኛል። የተሻሻለው ከምን እንደሆነ ብጠይቀው አያውቀውም።

ሦስቱንም በሦስት መደብ አፈላሁ። ሰኔ ሲገባ በመስመር ተከልኩ። በየመስመሩ ራስ ላይ እንደ መጋዘኑ ቢን ካርድ፣ እንደ ዕቃ መለያ ወረቀቱ፣ ስማቸውን በካርቶን ጽፌ፣ በላስቲክ ሸፍኜ ቸነከርኩ። ብታይው ትስቂ ነበር። አላባው ሐምሌን አላለፈም፤ ጓሮው ውሃ ያቁራል፣ ሥሩ በስብሶ በአንድ ሳምንት ጠወለገ። የተሻሻለው ደህና አደገ፣ አበባውን ግን ብርዱ አራገፈው። ማረቆው ወገቤ ድረስ ደረሰ፣ ቅጠሉ ለጉድ ነው፣ ዛላው እንደ ጣቴ ረዘመ። መስከረም አለቀ፤ አረንጓዴ። ጥቅምት ተጋመሰ፤ አረንጓዴ። ገምጬ ስቀምሰው ሣር ሣር ይላል። የምትይኝ ትዝ አለኝ፤ ያማረው አልደረሰልኝም።

በዚሁ ሰሞን ነው ነፋሱ ጎረቤታችን መሠረት አጥሩ ላይ የሰቀለችውን የማዳበሪያ ከረጢት የገነጠለው።

የአጥር ጎረቤታችን መሠረት ከዱራሜ እንደመጣች፣ ጴንጤ መሆኗን፣ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ እንደሚከርም አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ስለ እሷ የያዝኩት ሌላ መዝገብ ነበረኝ። በመጨረሻዎቹ ወራትሽ ከሰዓት ከሰዓት መምጣት ታበዛለች። መኝታ ቤቱ ይዘጋል። እኔ ስጠጋ ዝም ትላላችሁ። ሃይማኖትሽን ልታስለውጥ ነው ብዬ ስንት ቀን በበሩ ጆሮዬን ጥዬ ቆሜያለሁ፣ አንድም ቃል ሳይሰማኝ እመለሳለሁ። በቀብርሽ ቀን ደረት አልደቃችም፣ ሙሾም አላወረደችም፤ ጓዳ ገብታ ሰሃን ታጥብ ነበር። በተዝካርሽ መጣች፣ ተቀመጠች፣ ምንም ሳትቀምስ ሄደች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ዓይኔን ግን አታየኝም። በዚህ ሁሉ ላይ ባለፈው ዓመት በእኛ በኩል ባለው የሽቦ አጥር ላይ የማዳበሪያ ከረጢት እየሰፋች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጋረደችው። ፀሐይ ለመከለል ነው አለች አሉ። አጥሩ ፀሐይ በማይወጣበትም በማይጠልቅበትም በኩል ነው።

ነፋሱ ያንን ሲገነጥለው በጓሮዋ ያየሁት አንድ መደብ ሙሉ ቀይ ነው። ዛላው አጭር፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ። ወደ ሽቦው ተጠጋሁ። ከሁሉ በምታንሰው ተክል ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

ይኸው ተገኘ አልኩ። በስንት ወር የጠረጠርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ፤ የተዘጋው በር፣ ዓይኗን መስበሯ፣ ጓዳ ገብታ ሰሃን ማጠቧ፣ ማዳበሪያው። ክሩን ማየቴ ደግሞ ይባስ አበገነኝ። ዘሩን መስረቋ ሳያንስ አሠራርሽንም ሰርቃለች ብዬ ደመደምኩ። ያን ጊዜ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ዘር ከጣሳ ይሰረቃል፣ ለየትኛው ተክል ክር እንደሚታሰር ግን ማን ይሰርቃል? አላሰብኩም። የተናደደ መርማሪ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያየው።

እሑድ ጠዋት እሷ ወደ ጸሎት ቤቷ እስክትሄድ ጠበቅሁ። እኔ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ከአቦ ቀርቻለሁ፤ አቦ ይቅር ይበሉኝ። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ፣ በቆልማማ እጀታው በሽቦው ቀዳዳ አንዱን ቅርንጫፍ ጎትቼ ሁለት ዛላ ቀጠፍኩ። ሌባ ለዓመሉ ዱባ ይልሳል ይባል የለ፣ ሌባ ልይዝ ወጥቼ ሌባ ሆኜ ገባሁ። ከጓዳው በር ጀርባ ቆሜ አንዱን ገመጥኩት። አስካልዬ፣ ምላሴ ወዲያው አወቀው። መጀመሪያ የሚጣፍጠው፣ ቆይቶ ከጉሮሮ ሥር የሚነሳው ያ እሳት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መጀመሪያ ያስለቀሰኝ በርበሬው ነበር፤ በኋላ ግን በርበሬው አልነበረም።

ያን ቀን ሰብለ ስትመጣ ምንም አልነገርኳትም። ከሄደች በኋላ ለዕድሩ ዳኛ የሚሰጥ ማመልከቻ ጻፍኩ። ንብረትነቱ የሟች ባለቤቴ የሆነና በቀይ ክር የተቋጠረ አንድ ቋጠሮ የበርበሬ ዘር በለቅሶ ሰሞን ከቤቴ ስለወጣ ይላል መጀመሪያው። ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ከማስገባቴ በፊት ግን ተከሳሽን መጠየቅ ወግ ነው ብዬ ሰኞ ረፋድ ላይ ማመልከቻውን በኮቴ ኪስ ይዤ የመሠረትን በር አንኳኳሁ።

መሠረት ጓሮ ነበረች፤ ዛላውን በቆርቆሮ ላይ አስጥታ የበሰበሰውን ትለቅማለች። ስታየኝ ብድግ ብላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ቡና ይጠጡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ የሚባለውን ሁሉ እስክትጨርስ እንኳ አልታገሥኩም።

"ይህ ዘር በማን ፈቃድ ነው ከቤቴ የወጣው?" አልኳት።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። አልደነገጠችም፤ ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ነው፣ ያም ግራ አጋባኝ። ወደ ቤት ገብታ ተመለሰችና በእጄ ላይ አንድ ቋጠሮ አኖረች። የአሮጌው አልጋ ልብሳችን ቁራጭ ነው፣ አበባውን ለየሁት። ክሩ ቀይ። አስተሳሰሩ የእጅሽ ነው፣ ሁለቴ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚገባው፤ ዘሩ በጎኑ ተቀዶ ወጥቷል እንጂ ቋጠሮው አልተፈታም።

"እትዬ አስካለ ናት የሰጠችኝ፣ ጋሼ። የመስቀል ማግስት።"

እኔም እንደ ልማዴ ቀን ማመሳከር ጀመርኩ። የመስቀል ማግስት ማለት ከማረፍሽ ስድስት ወር በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ገበያ ትሄጃለሽ፣ ቤት ትጠርጊያለሽ፣ ትስቂያለሽ። ጨጓራዬን ነው ብለሽ በርበሬ ከመተውሽ በቀር ምንም አልነበረብሽም። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ የዋልሽው በየካቲት ነው፤ ለእኔና ለሰብለ እንደማትድኚ የተነገረንም ያኔ ነው። ታዲያ በመስከረም ጤነኛ የነበረች ሴት የሃያ ዓመት ዘሯን ለምን ለጎረቤት ትሰጣለች? ውሸቷን ያዝኳት ብዬ ይህንኑ ጠየቅኋት።

መሠረት የተሰጣውን በርበሬ እያየች መለሰችልኝ።

"ታውቅ ነበር፣ ጋሼ። ሐኪሙ ሲነግራት አብሬያት ነበርኩ።"

የቀረውን የነገረችኝ ከደረጃዋ ላይ ተቀምጬ ነው። ጳጉሜን ውስጥ ሁለታችሁ ልብስ ልንገዛ ነው ብላችሁ የወጣችሁት ቀን ሐኪም ጋ ነበራችሁ። ከሰዓት ከሰዓት የምትመጣው ጀርባሽን ልታሽልሽ ነው። በሩ የሚዘጋው ስታቃስቺ እኔ እንዳልሰማ ነው፤ ስጠጋ ዝም የምትሉት አንቺ ሕመምሽን ስለምትውጪ ነው። እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ ስለ ሃይማኖትሽ ጆሮ ስጥል፣ አንቺ ከውስጥ ትራስ ነክሰሽ ነበር። ዘሩን ስትሰጪያት፣ እሱ በሐዘን ዓመት መሬት አይነካም፣ ዘሩ ደግሞ ዓመት ከዘለለ ይሰንፋል፣ አንቺ ዝሪው ብለሻታል። ክሩን ለየትኛው ተክል እንደምታስር አጥር ድረስ ወስደሽ አሳይተሻታል። ራሱ መጥቶ እስኪጠይቅ ምንም እንዳትነግሪው፣ ሌባ ብሎሽ ሳይመጣ አይቀርም፣ እንዳትቀየሚው ብለሻታል። ማዳበሪያውን የሰቀለችው ግን በራሷ ነው። እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ እያለች ቀኑን ስትገፋ ኖረች። ዓይኔን የማታየኝም ለዚያ ነው።

ለምን ከእኔ እንደደበቅሽ ጠየቅኋት። ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ እኔም ሳትነግረኝ አልሄድም አልኩ።

"ካወቀ ቀኔን ይቆጥርብኛል አለች። ሳልቆጠር ልኑር አለች።"

በኪሴ ያለውን ማመልከቻ በመዳፌ ጨመደድኩት። መሠረት ምን እንደያዝኩ ታውቅ ይሆን? ሳታውቅ አትቀርም፤ አንቺ አስጠንቅቀሻታል። እግዚአብሔር ያጽናዎት አለችኝ፣ ልክ ዛሬ እንደሞትሽ። ለእኔም ዛሬ እንደሞትሽ ነበር።

የተቀየምኩሽ በዚህ ነው። የወተቷን ሴትዮ ጠርጥሬያለሁ። የዕድሩን ሴቶች፣ የበርበሬ ነጋዴዎቹን፣ ስልክ ደውሎ የሚዘጋውን፣ የገዛ ልጄን ጠርጥሬያለሁ። አጥር የምትጋራንን፣ ሕመምሽን ያስታመመችልሽን ሴት ሌባ ልል በሯን አንኳኩቻለሁ። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ቀን እንኳ ያልጠረጠርኩት ሰው ቢኖር አንቺ ነበርሽ። ጨጓራ ነው አልሽኝ፣ አመንኩሽ። ሃያ ሰባት ዓመት ዕቃ ሲጎድል ከሩቅ የማውቅ ሰውዬ፣ ከአጠገቤ ሰው ሲጎድል አላየሁም። መሞከሪያ እንኳ አልሰጠሽኝም፤ ምናልባት ሳልቆጥር መኖር እችል እንደነበር ማን ያውቃል? ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን ራሴን ጠየቅሁ። አልችልም ነበር። የመድኃኒትሽን ክኒን፣ የተነፈስሽውን ሁሉ በደብተር እይዘው ነበር።

ሰብለ ከየካቲት በፊት ታውቅ እንደነበረ አልጠየቅኋትም። አልጠይቃትምም። ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ አንድ ነገር ጠርጥሬ የተውኩት።

ማረቆውን ለመሠረት ፍየል ሰጠሁት። ካርቶኖቹን ነቅያለሁ። መጋቢት ሲገባ ጓሮውን ቆፍሬ ዘርሽን አፈላለሁ፤ መሠረት መደቡን ከፍ አድርገን እንሥራው፣ ውሃው ይውረድ ብላለች፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ማመልከቻውን ቀዳድጄዋለሁ፤ ለእሷም ይቅርታ አድርጊልኝ ብያታለሁ፣ ጃንጥላውን ሳይቀር ነግሬያት። ሳቀችብኝ። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ መያዝ ከማን እንደተማረች አላጣሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ያንን ስድስት ወር መመርመር ሆኗል። ከመስቀል እስከ መጋቢት እያንዳንዱን ቀን አወጣና አየዋለሁ። እዚህ ላይ ታውቅ ነበር፣ እዚህም ላይ ታውቅ ነበር እላለሁ። ለገና በዓል አዲስ ሸሚዝ ስትገዢልኝ፣ ከእኔ በኋላ ማን ይገዛለታል ብለሽ ነው? የቡታጅራ ዘመዶችሽን ስንጠይቅ እናትሽ መቃብር ላይ ያን ያህል የቆየሽው ለዚህ ነው? ከሁሉ የማይለቀኝ ግን በጥር ወደ ፉሪ የሄድንበት ቀን ነው።

የሰብለን ቤት ጅምሩን ልየው አልሽኝ። እኔ ጣሪያው ሲወጣ ታይዋለሽ አልኩሽ፤ አይ አሁን ልየው አልሽ። ታክሲው መጨረሻው ላይ አወረደን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ዳገቱን ስንጀምር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሽ። ምነው ብልሽ ጫማዬ ጠበበኝ አልሽኝ። እኔ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ግንበኞቹ ሲሚንቶ እየሸረፉ ይወስዳሉ የሚል ጥርጣሬ ገብቶኝ፣ ሳያስቡን ደርሰን ልንይዛቸው ነው የቸኮልኩት። ፍጠኚ እንጂ አልኩሽ። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩሽ። አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝ፣ ፈገግ አልሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ አራገፍሽና እንደገና አጠለቅሽው፣ ተነሥተሽም ተከተልሽኝ። ስንደርስ ሲሚንቶው አንድም ከረጢት አልጎደለም ነበር።

አልረሳሽም ብዬ ቃል መግባት ለእኔ ዋጋ የለውም፤ እኔ መርሳት የማልችል ሰው ነኝ። የምገባልሽ ቃል ይህ ነው። ድንጋዩ አሁንም ከቦታው አለ። ሰብለ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር እዚያ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ልታርፊ የፈለግሽውን ያህል፣ ሰዓቴን ሳላይ። አላፊ አግዳሚው አባቴ ምን ሆኑ ቢለኝ፣ ጫማዬ ጠቦኝ ነው እለዋለሁ።

በላቸው